አቢጃታ ሻላ ስትሄዱ በግራሩ ላይ አትሳሳቱ

አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ ሲቋቋም ዋናው ዓላማ የውሃ ወፎችን መጠበቅ ነበር። ጎብኚውም ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ፍላሚንጎዎቹ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ግራሩን ዝም ብሎ ማለፍ። እዚያ ከታዩት ከ400 በላይ የወፍ ዓይነቶች ብዙዎቹ ኑሯቸው ዛፍ ላይ ነው። አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ግራር ሥር ቁጭ በሉና ቀና ብላችሁ እዩ። ሣር ጠልፈው የሠሯቸው ጎጆዎች ከቅርንጫፉ ጫፍ ተንጠልጥለዋል። እሾሁ አጥራቸው ነው።

የደረቀውን ዛፍ «ምን ያደርጋል» ብሎ መቁረጥም ሌላው ስህተት ነው። ግንደ ቆርቁር የሞተ ግንድ ይወዳል። እሱ ሲለቀው ጉድጓዱን ሌላ ወፍ ይወርሰዋል።

ቁልቋሉን ደግሞ ልጆች እንዳይሰብሩት። ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉ ነው።

ችግኝ ለመትከል የምትሄዱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ባህር ዛፍ አትውሰዱ። ቶሎ ማደጉ እውነት ነው። ግን ውሃ ይመጥጣል፣ አቢጃታ ደግሞ ከዓመት ዓመት ዳርቻው እየሸሸ ያለ ሐይቅ ነው። ግራር፣ በደኖ፣ ሾላ ይሻላል። የግራር ፍሬ ቆዳው ደንዳና ስለሆነ እንዲሁ ብትቀብሩት ሳይበቅል ብዙ ይቆያል። ውሃ አፍሉና ከእሳት አውርዳችሁ አፍስሱበት፤ እዚያው ውስጥ ይደር። ጠዋት አብጦ ያገኛችሁትን ዝሩት፣ ያላበጠውን ድገሙት። አንዳንዴ መትከሉም አያስፈልግም። ፍየል ካልደረሰበት የተቆረጠው ጉቶ ራሱ ያቆጠቁጣል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የከሰሉ ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መንገድ ዳር ጆንያዎች ተደርድረው እናያለን። ከከተማው ዋጋ ይረክሳል፣ እንጭናለን። እኔም ጭኜ አውቃለሁ። ቤት ገብቼ ጆንያውን ስፈታ አንዱ ቁራጭ የክንድ ውፍረት ነበረው፤ የቅርንጫፉ መጋጠሚያ ሳይቀር ይታያል። ግራር እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ከሰሉ ቶሎ አያልቅም፣ ለዚህም ነው የሚፈለገው። ሻጮቹን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ሌላ ገቢ የላቸውም። ገዢው ግን እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ከሰል የምገዛው ከባህር ዛፍ የተሠራ መሆኑን ጠይቄ ነው።