የጣና ደሴቶችን ታሪክ፣ ቅርስና የሕግ ሥርዓት በጥምር ዶክትሬት እንዴት ማጥናት ይቻላል?

በጣና ደሴቶች ላይ ሦስተኛ ዲግሪውን ሊሠራ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከታሪክ፣ ከቅርስ ወይም ከሕግ አንዱን ይመርጣል። ሰነዶቹ ግን እንዲህ ተከፋፍለው አልተጻፉም። በገዳም ወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ የሰፈረ የጉልት (ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት) ጽሑፍ ንጉሡንና ሹማምንቱን ይጠራል፤ ይህ ታሪክ ነው። ብራናው ቅርስ ነው። ሰጪና ተቀባይ፣ ምስክር፣ ዋስና ግዝት ስላለው ደግሞ የሕግ ሰነድ ነው። ሦስቱን አብሮ የሚያነብ አማካሪ በአንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ ማግኘት ስለሚከብድ፣ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስር፣ በሁለት አማካሪዎች የሚመራ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማለትም ጥምር ዶክትሬት፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማ መንገድ ነው።

ጥያቄውን ማጥበብ

«የጣና ገዳማት ታሪክ» የሚል ርእስ አራት ዓመት ይበላና መጨረሻው ዝርዝር ብቻ ይሆናል። አንድ ሥርዓት ይዘው ይነሡ። ዘጌን ለምሳሌ ይውሰዱ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ የአካባቢው ትውፊት ክልከላውን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ሕዝቡም በቡናና በደን ኖሯል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ክልከላውን የጣሰን ሰው ማን ይዳኝ ነበር? ቅጣቱስ ምን ነበር? የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት ሲሆን የገዳሙ ዳኝነት ምን ላይ ወደቀ? ይህ ለአንድ ዶክትሬት ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል።

ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት እንጂ ደሴት አለመሆኑ ጥናቱን አይጎዳውም። ለማነጻጸሪያ የሚጠቅመው የግሪኩ የመነኮሳት አገር አቶስም ባሕረ ገብ መሬት ነው። እንደ አንዳንዶቹ የጣና ገዳማት እዚያም ሴቶች አይገቡም፤ የመነኮሳቱ ራስ ገዝነት ግን በግሪክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 105 ተደንግጓል። በጣና ተመሳሳዩ ክልከላ የጸናው በገዳም ሥርዓትና በልማድ ነው። በአንዱ አገር ሕገ መንግሥት የደገፈውን በሌላው ልማድ ብቻውን እንዴት እንዳቆመው መመርመር ለጥምር ጥናት እውነተኛ ምክንያት ይሰጣል። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ለስም ብቻ የገባበት ፕሮፖዛል ግን ከመጀመሪያው ገምጋሚ አያልፍም።

የሕጉን ንብርብር በፕሮፖዛሉ ላይ በቅደም ተከተል ያስቀምጡ፦ ፍትሐ ነገሥትና ልማድ፤ ቀጥሎ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 3347 ራሱ በሸፈናቸው ጉዳዮች የቀደመውን ልማድ የሻረው፤ ከዚያ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ፤ ከዚያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፤ በመጨረሻም ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበበት ሥርዓት። ከእነዚህ ሁለቱን በጥልቀት፣ ሌሎቹን በአጭሩ ማየት ይበቃል።

ውሉን በመጀመሪያው ዓመት መፈራረም

የጥምር ዶክትሬት ውል የሚፈረመው በእያንዳንዱ ተማሪ ስም ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለመስኩ ቅርብ ስለሆነ የአገር ውስጡ ወገን ቢሆን ይመረጣል። ለብራና ጥናት የውጭ አጋር የሚፈልግ ሰው በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አስቀድሞ ይጠይቅ። ውሉ ክፍያ የሚፈጸመው የት እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ተቋም ስንት ወር እንደሚቆዩ፣ ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደሚቀርብ፣ የጽሑፉ መከላከያ (የመጨረሻው የቃል ፈተና) አንድ ጊዜ የት እንደሚካሄድና ፈታኞቹን ማን እንደሚሰይም በግልጽ መናገር አለበት። ዲግሪው አንድ የጋራ ወረቀት ነው ወይስ ሁለት? ይህን ያልጻፈ ውል ኋላ በምረቃ ሰሞን ጭቅጭቅ ያመጣል።

ብዙዎች የሚዘሉት አንቀጽ የፎቶዎቹ ባለቤትነት ነው። የገዳሙ መጻሕፍት ምስል በየትኛው አገር ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል? ማን ያያል? ገዳሙ ቅጂውን መቼ ያገኛል? መነኮሳቱ በዚህ ጉዳይ የሚጠነቀቁት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው፤ ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ ብራናዎች ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። አንቀጹ ውሉ ውስጥ ከሌለ ደሴቱ ላይ የሚገቡት ቃል ዋጋ የለውም።

ፈቃድ

ቅርስ ለማጥናት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ወደ ባለሥልጣኑ፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሄዳሉ። የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ በር ያስከፍታል እንጂ ዕቃ ቤት አያስከፍትም። ያ የአበምኔቱና የማኅበሩ ውሳኔ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ካሜራ ይዘው ባይሄዱ ይመረጣል፤ ይሳለሙ፣ ጥናቱን ያስረዱ፣ ይመለሱ።

ሴት ተመራማሪ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ መግባት አትችልም። ናርጋ ሥላሴና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ክፍት ናቸው። ስለዚህ የገዳማት ምርጫው ከዚህ ጋር ተናብቦ በፕሮፖዛሉ ይጻፍ። የክብራንን መጻሕፍት በተመለከተ መፍትሔ አለ፦ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጣናን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቷል፤ ዝርዝሩም በጀርመን ታትሟል። በ1966 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ቅጂዎችም በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ይገኛሉ። ወንድም ሴትም ከደሴቱ በፊት እነዚህን ይጨርሱ፤ የተነሣን መጽሐፍ እንደገና ለማንሣት አባቶችን ማስቸገር ተገቢ አይደለም።

የአስተዳደር መዝገብ ሲፈልጉ ደግሞ የሐይቁ ደቡብ በጎጃም፣ ሰሜኑና ምሥራቁ በበጌምድር ይተዳደር እንደነበር ያስታውሱ። የአንድ ገዳም የመሬት ክርክር በሁለት ጠቅላይ ግዛት ፋይል ተበትኖ ሊገኝ ይችላል።

ሰነዱን ማንበብና ዘመኑን ማስላት

ግእዝ ያስፈልጋል፤ የጽሑፍ አማርኛም ከግእዙ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ አንድ ክረምት ከቅኔ መምህር ዘንድ ግስ መቁጠር ከብዙ የክፍል ኮርስ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዘመን ቁጥር ነው። በድሮ ጽሑፍ «ዓመተ ምሕረት» ሲባል የዛሬው አቆጣጠር ላይሆን ይችላል፤ በ532 ዓመት ዑደት የተቆጠረም አለ። «በ፫፻ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ» የሚል ቢያገኙ የዑደቱን መነሻ 1340ን ይደምሩ፤ 1640 ይሆናል። ወንጌላዊውን ለማረጋገጥ 5500 ይደምሩና ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። 7140 ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ይስማማል። ጽሑፉ ዐፄ ፋሲልንም ከጠራ ዓመቱ፣ ወንጌላዊውና ንጉሡ ሦስቱም ተረጋገጡ፤ እሱ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነግሷልና። ሳይስማማ ከቀረ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይም ጽሑፉ ኋላ የተገለበጠ ነው።

ኋላ የተገለበጠውን መለየት ትልቁ ሥራ ነው። በመሬት ክርክር ለመርታት የድሮ ንጉሥ ስም ይዞ የገባ ጽሑፍ አለ። የእጅ ጽሕፈቱን ከመጽሐፉ ዋና ጽሕፈትና በአጠገቡ ካሉ ሰነዶች ጋር ያስተያዩ፤ ተፍቆ የተተካ ስም ካለ በጎን በሚመጣ ብርሃን ይታያል። ሹማምንቱ በእርግጥ በአንድ ዘመን የነበሩ መሆናቸውን ያጣሩ። የሪም (ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የተመደበ መሬት) ሽያጭ ሲሆን ዋጋውን፣ ዋሱንና ዳኛውን ለየብቻ በሠንጠረዥ ያስፍሩ፤ ሴቶች ገዢና ሻጭ ሆነው የሚገኙት እዚህ ስለሆነ ስማቸውን እንዳይዘሉ። በመጨረሻ የሚመጣውን «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» የሚል ግዝትም እንደ ማሳረጊያ ቆጥረው አይለፉት። ውሉን የሚያስጠብቀው ማዕቀብ እሱ ነው፤ የሕግ ምዕራፉም ከእሱ ይጀምራል።

በደሴቱ ላይ መሥራት

ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ጀልባ በማለዳ ይያዙ። ክብራን ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ በደቅ ደሴት ላይ ላለው ናርጋ ግን ሰዓታት ስለሚፈጅ ማደሪያ ያስፈቅዱ። በጾም ወራት ከቅዳሴ ጋር የሚጋጭ ቀጠሮ አይያዙ። መብራት አገኛለሁ ብለው አይሂዱ፤ ትርፍ ባትሪና የፀሐይ ኃይል መሙያ ይያዙ።

ሲያነሡ ብልጭታ አይጠቀሙ። መጽሐፉን ከ100 ዲግሪ በላይ አይክፈቱ፤ የደረቀ ጥራዝ ይሰነጠቃል። በእያንዳንዱ ምስል ላይ ማስመሪያና የቀለም ካርድ ይግባ። ቅጠሎቹን ሀ እና ለ ብለው የፊትና የጀርባ ገጽ ይለዩ፤ ባዶ ቅጠልም ሳይዘለል ይነሣ፤ የጥራዙን አሠራር የሚነግረው እሱ ነው። ማታ ማታ ምስሎቹን በሦስት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱ ከእርስዎ ጋር በጀልባ አይጓዝ። ገጾቹን የሚገልጠው ዕቃ ቤት ጠባቂው ይሁን፤ ስሙም ከፈቀደ በምስጋናው ገጽ ይግባ።

ረቂቁ ለሁለቱ አማካሪዎች ከመሄዱ በፊት ገዳሙን የሚመለከተው ክፍል በአማርኛ ተጽፎ ለማኅበሩ ይነበብ። እንዲቀር የጠየቁት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ንዋያተ ቅድሳቱ የተቀመጡበት ቦታ፣ ከጽሑፉ ያውጡት። ምስሎቹን በሃርድ ዲስክ፣ የሰነዶቹን ዝርዝርና ትርጉም ደግሞ በወረቀት ታትሞና ተጠርዞ ያስረክቡ፤ ርክክቡንም ሁለቱ ወገን በፊርማ ያጽኑት። ቅጂው ከመከላከያው ቀን በፊት ደሴቱ ላይ ይድረስ።