የቆላ ማሽላ ዝርያን በራስዎ ማሳ ላይ እንዴት ይፈትናሉ?

"ይህ ዝርያ ድርቅ ይችላል" የሚል ወሬ ከቆላ ጠፍቶ አያውቅም። የልማት ሠራተኛው ይላል። ዘር ሻጩም ይላል። ባለፈው ዓመት የዘራው ጎረቤት ግን "እህሉስ ደህና ነው፣ ከብቶቼ ናቸው የተራቡት" ይላል። እኔ ጆሮ የምሰጠው ለጎረቤትየው ነው። ምክንያቱ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

አዲስ ዝርያ ማውጣት የተመራማሪ ሥራ ነው። ለራስ መሬት ይሁን አይሁን ብሎ መፈተን ግን ገመድ፣ ሜትር፣ ሚዛንና ደብተር ያለው ሰው ሁሉ ይችላል። መፈተንም ያስፈልጋል። የአገሪቱ የማሽላ ምርምር የሚመራው ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ በ1969 እ.ኤ.አ. አዳማ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ተቋቋመ። ተመራማሪዎቹ ዝርያዎቹን እንደ ሚኤሶና ቆቦ ባሉ ደረቅ ቦታዎችም ይሞክሯቸዋል። ያም ሆኖ የእርስዎን አፈር፣ የእርስዎን ወፍና የእርስዎን ላም አያውቁም።

ምን ከምን ጋር ይወዳደር?

ሦስት አዲስ ዝርያ ይበቃል። ተሻለ፣ መልካምና ደከባ ቶሎ የሚደርሱ፣ ዝናብ ለሚያጥርበት ቆላ የተለቀቁ የማሽላ ዝርያዎች ናቸው። በአካባቢዎ የሚገኙትን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ከዘር አባዢ ማኅበር ይጠይቁ። ዘሩ ከየት እንደመጣ ይጻፉ። ከገበያ ጆንያ የተዘገነ ማሽላ ሦስት ዓይነት ቢሆን አይደንቅም፤ እሱን መፈተን ድካም ብቻ ነው።

አራተኛው የአገር ቤቱ ዝርያ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የቆየው ዝርያ ጎኑ ካልቆመ አዲሱ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ይታወቃል? ዓመቱ ጥሩ ስለነበር ይሁን ዝርያው ጥሩ ስለሆነ መለየት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ አለ። እንደ ጅጉርቲና ደጋሌት ያሉ ረጃጅም የወሎ ማሽላዎች የሚዘሩት በሚያዝያ ዝናብ ነው፤ ብዙ ወር ይፈጃሉ። ቶሎ ደራሾቹ ግን በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ይዘራሉ። የአገሩን ዝርያ ከአዲሶቹ ጋር ሐምሌ ላይ ከዘሩት ሳያፈራ ዝናቡ ይወጣል። ይህ ፈተና ሳይሆን ሸፍጥ ነው። እያንዳንዱን በለመደው ጊዜ ይዝሩት። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ከጠፋና የአገሩን መዝራት ካልተቻለም እሱ ራሱ ውጤት ስለሆነ ይመዝገብ።

መሬቱን መከፋፈል

18 ሜትር በ17 ሜትር የሚሆን ቦታ ያስፈልጋል። የድሮ በረት የነበረበትን፣ ኩይሳ ያለበትንና ዛፍ ሥር ያለውን ይተዉ። እዚያ ላይ የሚያሸንፈው ዝርያው ሳይሆን ፍጉ ወይም ጥላው ነው።

ቦታውን በተዳፋቱ አቅጣጫ የላይ፣ የመሐልና የታች ብለው በሦስት ይክፈሉት። ታችኛው አፈር ብዙ ጊዜ ጥልቅ ነው፣ ውሃም ይይዛል። ስለዚህ በየክፍሉ አራቱም ዝርያዎች መኖር አለባቸው። አንዱን ዝርያ ታች፣ ሌላውን ላይ ዘርቶ ማወዳደር አይሠራም።

የእያንዳንዱ መደብ ልክ ይህ ነው፦ 5 ትልም፣ የትልሙ ርዝመት 5 ሜትር፣ በትልምና በትልም መካከል 75 ሳንቲ ሜትር። ወርዱ 3.75 ሜትር ይሆናል። አራት መደብ ጎን ለጎን፣ በየመካከላቸው 1 ሜትር መተላለፊያ። በሦስት ክፍል ሲባዛ 12 መደብ ይሆናል።

የትኛው ዝርያ የት ይቀመጥ? በዕጣ። ስሞቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ቆብ ውስጥ ይጨምሩና ልጅ ያውጣ። ለሦስቱም ክፍል ለየብቻ ዕጣ ይውጣ። ቀልድ አይምሰልዎ፣ ትልልቅ የምርምር ጣቢያዎችም መደባቸውን የሚደለድሉት በዕጣ ነው፤ ልዩነቱ ኮምፒውተር ማውጣቱ ብቻ ነው። ሰው በእጁ ሲመድብ የወደደውን ዝርያ ጥሩ አፈር ላይ ያስቀምጣል፣ ሳያስበውም ቢሆን።

የመደቡን ቁጥር በችካል ላይ ይጻፉ። ካርታውን ደግሞ በደብተር ይሳሉ፤ ችካል የሚነቅል ፍየል አይጠፋም።

መዝራትና መንከባከብ

ለአንድ መደብ ከ20 እስከ 25 ግራም ዘር ይበቃል። ጠቅጠቅ አድርገው ይዝሩና ቡቃያው ሲጠና በ20 ሳንቲ ሜትር አንድ ተክል እንዲቀር ያሳሱት። ያኔ በአንድ ትልም 25 ተክል ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ሕጉ አንድ ነው፤ ለአንዱ የተደረገ ለሁሉም ይደረግ። ማዳበሪያ ከሰጡ ለሁሉም እኩል። አብረው ለተዘሩት ሽልሻሎም አረምም በአንድ ቀን። በደረቅ አገር ትልሙን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር እየዘጉ ውሃ እንዲቋጥር ማድረግ ብዙ ይረዳል፤ እሱንም ለ12ቱም መደብ ያድርጉ ወይም ለአንዱም አያድርጉ።

ማሳዎ አቀንጭራ ያለበት ከሆነ በየመደቡ ስንት እንደበቀለ ይቁጠሩ፤ ከሥሩ እየመጠጠ ማሽላውን የሚያቀጭጨው አረም እሱ ነው። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች። ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ቆጥረው ሲጨርሱ ሳታብብ ይንቀሉ። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ጎቢዬና አብሽር የሚባሉ ዝርያዎች አሉ። ከዚህ ሥራ ጀርባ ያሉት በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው።

ደብተሩ

የተዘራበት፣ የበቀለበት፣ ግማሹ ተክል ያበበበትና የደረሰበት ቀን ይጻፍ። ማሽላ መድረሱን ለማወቅ ፍሬውን ፈልቅቀው ሥሩን ይዩ። ጥቁር ነጥብ ካለ ፍሬው ከዚያ በኋላ አይሞላም።

ዝናብ ይለኩ። አፉና ሥሩ እኩል የሆነ ቆርቆሮ ከዛፍና ከቤት ራቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡ። በየጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያ አስገብተው ሚሊ ሜትሩን ጽፈው ውሃውን ይድፉ። "ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር" የሚል ወሬ ለሚቀጥለው ዓመት አይጠቅምም፤ "አበባ ላይ እያለ 20 ቀን ጠብታ አልወረደም" የሚል ግን ይጠቅማል።

ሌላው የሚመዘገብ የቅጠሉ ነገር ነው። ዝናቡ ከወጣ በኋላ ፍሬው እየሞላ ሳለ በየመደቡ ስንት ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ እንደቀረ ይዩ። አንዳንዱ ማሽላ ቶሎ ይደርቅና አገዳው ይወድቃል። ሌላው ለምለም ሆኖ ይቆያል። ይህን ጠባይ የዓለም አዳቃዮች አጥብቀው ይፈልጉታል። በብዛት የሚጠቀሙበት ቢ35 የተባለው የማዳቀያ ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው። ለምለም ቅጠል እህሉን ይሞላል፣ ለከብትም የተሻለ መኖ ይሆናል። እዚህ ላይ እህልና ከብት ይገናኛሉ።

ወፍ

ይህን ካልተዘጋጁበት ሙከራው ሁሉ ይበላሻል። ቶሎ የደረሰው ዝርያ በቀበሌው ብቸኛ የበሰለ እህል ይሆናል፤ ወፉ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ "ይህ ዝርያ ምርት የለውም" ይባላል። ምርት ነበረው፣ ወፍ በላው እንጂ።

ማማ ሠርቶ በወንጭፍ መጠበቅ ያለ ነው። ከዚያ በተጨማሪ በየመደቡ ከመሐል ትልሞች አሥር ራስ ይምረጡና ፍሬው ወተት ሲይዝ በወረቀት ከረጢት ወይም በቀጭን መረብ ይሸፍኑ። የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ሲመዘን ወፉ ስንት እንደወሰደ ይታወቃል።

አጨዳና ሚዛን

ዳር ያሉትን ሁለት ትልሞች ከምዘናው ያውጡ። ረጅሙ ዝርያ አጭሩን ያጠላዋል፣ በመተላለፊያው በኩል ያለው ደግሞ ተጨማሪ ብርሃንና ውሃ ያገኛል። የሚመዘነው የመሐሉ ሦስት ትልም ብቻ ነው። ስፋቱ 11.25 ካሬ ሜትር ነው።

እህሉ በደንብ ደርቆ ይመዘን፤ ወደ 12 በመቶ እርጥበት ሲወርድ ጥርስ ላይ ቋ ይላል። ኪሎውን በ8.9 ቢያባዙት ኩንታል በሄክታር ያገኛሉ። ለምሳሌ 3 ኪሎ ከወጣ 26.7 ኩንታል ነው።

አሁን ሦስቱን ክፍሎች ለየብቻ ይዩ። አንድ ዝርያ በላይም፣ በመሐልም፣ በታችም ከአገሩ ከበለጠ ይመኑት። በአንዱ ክፍል ብቻ ከበለጠ ግን ያሸነፈው አፈሩ ሊሆን ይችላል። አማካይ ብቻ አውጥቶ መደሰት ብዙ ሰው ያሳስታል።

አገዳውን ለላሟ ይተዉላት

የጎረቤቱ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝርያ የሚመዘነው በእህሉ ነበር። ቆላ ላይ ግን አገዳው ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ከብቱን የሚያቆይ ነው። ማገዶም ነው፣ አጥርም ነው። አጭር ዝርያ እህሉ ጥሩ ቢሆንም አገዳው አነስተኛ ስለሆነ ገበሬው ይተወዋል። "ገበሬው ለውጥ አይቀበልም" የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ አልሠሩትም።

ስለዚህ ከዚያው ከሦስቱ ትልም የተቆረጠው አገዳ ጥላ ሥር ደርቆ ይመዘን። ክብደት ግን ሁሉን አይናገርም። ሃይደራባድ፣ ሕንድ ውስጥ የማሽላ አገዳ በገበያ ይሸጣል። እዚያ የተጠና ጥናት እንዳሳየው የከብት ሆድ የሚፈጨው ድርሻ ከመቶ በ5 ነጥብ ያህል ሲበልጥ ዋጋው በሩብ ገደማ ይጨምራል። ነጋዴዎቹ ላቦራቶሪ የላቸውም፤ በዓይናቸውና በእጃቸው ነው የሚለዩት።

እርስዎም ላቦራቶሪ አያስፈልግዎትም፣ ላም ካለችዎት። አገዳውን በአጭር በአጭሩ ከትፈው ከየዝርያው 2 ኪሎ፣ 2 ኪሎ ጎን ለጎን ያቅርቡላት። በጣም የተራበች አትሁን፣ የተራበ ሁሉንም ይበላል። ከሰዓታት በኋላ የተረፈውን ይመዝኑ። ለአምስት ቀን ይድገሙ፤ በየቀኑም ቦታቸውን ይቀያይሩ። ከብት የለመደችው ጎን አላትና ካልተቀያየረ የምትመርጠው ቦታውን ይሆናል። በሁለት ሦስት ከብት ቢሞከር የተሻለ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ፈተና ለደረቀ አገዳ ብቻ ነው። ለጋ ማሽላ፣ በተለይ በድርቅ ተጎድቶ ዝናብ ሲነካው እንደገና የሚያቆጠቁጠው፣ ሳያናይድ የተባለ ከብት የሚገድል መርዝ ይይዛል። ከአጨዳ በኋላ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ከብት ማስገባት አደጋ ነው።

እንጀራው

ከየዝርያው ፈጭተው አንድ ቀን ያስጋግሩ። ዓይኑ፣ ቀለሙ፣ በማግሥቱ ይደርቅ እንደሆነ ይታይ። ዳኞቹ የሚጋግሩት ይሁኑ እንጂ የሚበሉት ብቻ አይሁኑ። የትኛው የማን እንደሆነ አይነገራቸው። ስሙን ካወቁ አፋቸው ሳይቀምስ ይፈርዳል።

ከጎረቤት ጋር

አንድ ማሳ አንድ ዓመት ብቻ ቢፈተን ብዙ አይነግርም፤ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይሞክሩ። 12 መደብ የማይመቸው ጎረቤት ካለ ቀለል ያለ መንገድ አለ፤ ትራይኮት ይባላል። ለእያንዳንዱ ገበሬ ሦስት ትንንሽ ከረጢት ዘር ይሰጠዋል። ከረጢቱ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብቻ ይጻፋል። ገበሬው ጎን ለጎን ይዘራና ለእህል፣ ለአገዳ፣ ለድርቅ እያለ በጣም ጥሩውንና በጣም መጥፎውን ብቻ ይናገራል። ቁጥር አይጠየቅም። ሁሉም ሰው ጥቂት ነገር ይላል፣ ሲደመር ግን ብዙ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ በዱረም ስንዴ፣ ሕንድ ውስጥ በዳቦ ስንዴ፣ ኒካራጓ ውስጥ በቦሎቄ በዚህ መንገድ ከ12,000 በላይ መደቦች ተሞክረው ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሃያ ጎረቤት ከተስማማ እናንተም ትችላላችሁ።

ዘር ማስቀረት

ከሙከራው የተረፈውን እህል ይብሉት እንጂ ለዘር አያስቀምጡት። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ሌላ ዝርያ ጎኑ ከቆመ የተወሰነ ይደባለቃል። ዘር ከፈለጉ ከማበቡ በፊት ጥቂት ራሶችን በወረቀት ከረጢት ሸፍነው ይሰሩ፤ እነሱን ብቻ ለይተው ያድርቁ። ዲቃላ ማሽላ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። የሚቀጥለው ትውልድ እንደ መጀመሪያው ስለማይሆን ዘሩን በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የወጣውን ዝርያ ከሙከራው ያስወጡ፣ በምትኩ አዲስ ያስገቡ። አንደኛ የወጣውን ግማሽ ጥማድ ላይ ይዝሩት። የአገሩ ግን ከሙከራው አይወጣም።