ፓስት ኮንቲኒየስ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ፓስት ኮንቲኒየስ ባለፈ ጊዜ በመካሄድ ላይ የነበረን ድርጊት የሚገልጽ የእንግሊዝኛ የግስ ጊዜ ነው። ቀመሩ አጭር ነው፤ ዋዝ ወይም ዌር፣ ቀጥሎ አይኤንጂ የተጨመረበት ግስ። አይ፣ ሂ፣ ሺ እና ኢት ዋዝን ይወስዳሉ፤ ዩ፣ ዊ እና ዜይ ዌርን። ዩ አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ዌር ነው። ብዙ ስህተት ግን የሚመጣው «ነበር» ባለበት ሁሉ ዋዝን ከመክተት ነው።

«ዲድ ዩ ስሊፒንግ?»
ዲድ የሲምፕል ፓስት (የቀላል ኃላፊ ጊዜ) ረዳት ግስ ስለሆነ ከአይኤንጂ ጋር አይሄድም። ዌርን ከባለቤቱ በፊት አምጡት፦ «ዌር ዩ ስሊፒንግ?» ለአሉታ ደግሞ «አይ ዋዝ ኖት ስሊፒንግ»።

«በልጅነቴ ኳስ እጫወት ነበር» ለማለት «አይ ዋዝ ፕሌዪንግ»
በአማርኛ «እጫወት ነበር» ልማድንም፣ በአንድ ወቅት በመካሄድ ላይ የነበረን ድርጊትም ይገልጻል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል። መፈተኛው «እየ» ነው። «ስትደውል እበላ ነበር» የሚለው ትርጉሙ ሳይናጋ «እየበላሁ ነበር» ይሆናል፤ ስለዚህ «አይ ዋዝ ኢቲንግ»። «በልጅነቴ ኳስ እየተጫወትኩ ነበር» ግን ጆሮ አይቀበለውም። ልማድ ስለሆነ «አይ ዩዝድ ቱ ፕሌይ» በሉ።

«ስደርስ ተኝታ ነበር» ለማለት «ሺ ሃድ ስሌፕት»
ይህ ጎበዝ ተማሪዎችንም ያሳስታል። «ተኝታ ነበር» በቅርጹ «በልታ ነበር»ን ስለሚመስል ቀድሞ ያለቀን ድርጊት የሚያሳየውን ሃድን ይጋብዛል። ነገር ግን መብላቱ አብቅቷል፤ እንቅልፉ ገና አላበቃም። ስለዚህ «ሺ ዋዝ ስሊፒንግ» ነው። «ተቀምጦ ነበር» ዋዝ ሲቲንግ፣ «ቆሞ ነበር» ዋዝ ስታንዲንግ፣ «ኮት ለብሶ ነበር» ዋዝ ዌሪንግ ይሆናል። እዚህ የ«እየ» ፈተና አያገለግልም፦ «እየለበሰ ነበር» ካላችሁ ሰውየው ገና ልብሱን በማጥለቅ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ «ዋዝ ጌቲንግ ድሬስድ» ነው።

«አይ ዋዝ ኖዊንግ»
ኖው (ማወቅ) እና ቢሊቭ (ማመን) ድርጊትን ሳይሆን ሁኔታን ስለሚገልጹ አይኤንጂ አይወስዱም። «አውቅ ነበር» በቀላሉ «አይ ኒው» ነው።

አጻጻፍ
አይኤንጂ ሲጨመር ራይት (መጻፍ) የመጨረሻዋን ኢ ይጥላል፤ ሲት ቲን ይደግማል፤ «ላይ» (መዋሸት) አይ እና ኢን በዋይ ይተካል።

«ዌን አይ አራይቭድ፣ ሺ ኩክድ»
ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ትርጉሙ ላይ ነው፤ አንባቢው የሚረዳው እኔ ከደረስኩ በኋላ ምግብ መሥራቷን ነው። ስደርስ ሥራው ተጀምሮ ከነበረ «ሺ ዋዝ ኩኪንግ» ብላችሁ ጻፉ። ያቋረጠው አጭር ድርጊት በሲምፕል ፓስት፣ የተቋረጠው ረጅሙ በኮንቲኒየስ ይቀመጣል።