ወንድሜ ከሞተ በኋላ የያዝኩት ደብተር፦ የሞት ካሳ ከየት ይጀመራል?

ሰውየው የመጣው ከቀብሩ 9 ቀን በኋላ ነው። ትሁት ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ወንድሜን ከነሞተር ሳይክሉ የገጨው የጭነት መኪና ኢንሹራንስ ወኪል ነኝ አለ። "ለቀብር ወጪ ማገዣ" ብሎ ቼክና ሁለት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የወንድሜ ሚስት እስክሪብቶውን አንስታለች። ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል "ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም" ይላል። "አንብበን ነገ እንመልሳለን" አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

እና የመጀመሪያው ምክሬ፦ በሀዘን ሰሞን የሚመጣ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ገንዘቡ የግድ ካስፈለገ ደረሰኙ ላይ "ከጠቅላላው ካሳ የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ" ተብሎ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ እምቢ ካሉ፣ ቼኩ ለምን እንደመጣ ነገሯችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ደብተር ያዙ። ማን ደወለ፣ መቼ፣ ምን አለ። ያዘነ ጭንቅላት አይታመንም፤ እኔ የገዛ እጄን ጽሑፍ አይቼ "ይሄን ሰው አናግሬዋለሁ እንዴ?" ያልኩበት ቀን አለ።

ማስረጃ ላይ መፍጠን ነው። የደህንነት ካሜራዎች አዲሱን ምስል በአሮጌው ላይ ነው የሚቀዱት፣ አንዳንዶቹ በቀናት ውስጥ። ለካሜራውም ለመኪናውም ባለቤት "የዚህን ቀን ምስል፣ የመኪናውን የጂፒኤስ መዝገብ አታጥፉብን" የሚል ደብዳቤ ስጡ። የተቀበለው ሰው የፈረመበት፣ ቀን ያለው ኮፒ እናንተ ጋ ይቅር። እኛ የደረስነው በ3ኛው ሳምንት ነው። ከሁለቱ ካሜራዎች የአንዱ ምስል ጠፍቶ ጠበቀን።

ሆስፒታሉ ልብሱንና ሄልሜቱን በላስቲክ አድርጎ ሰጥቶናል። ደም የነካው ልብስ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ይሻግታል። በአየር አድርቃችሁ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት። እናቴ ልታጥበው ውሃ ስታሞቅ ነው የደረስኩባት። ከወራት በኋላ "ሟቹ ሄልሜት አላደረገም" የሚል መከራከሪያ መጣ። የተሰነጠቀው ሄልሜት፣ ማሰሪያው እንደተቆለፈ በሆስፒታሉ መቀስ የተቆረጠው፣ መልስ ሰጠልን። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በብዙ አገር ሟቹ ጥፋት ካለበት ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ስልኩንም አታዘጉ። የደመወዝ መልእክቱም፣ ለእናቴ በየወሩ የላከበትም እዚያው ውስጥ ነበር።

ከዚያ "ከሳሹ ማነው?" የሚለው ይመጣል። ዶሴውን ተሸክሜ ስዞር የኖርኩት እኔ ነኝ። ግን እህቱ ነኝ፤ እኛን የሚገዛን ሕግ ለእህት የሚሰጠው መብት የለም። ጥያቄው የሚስቱ፣ የልጁና የእናታችን ሆነ። አገር ለአገር ይለያያል፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ በሟቹ ይረዱ የነበሩ እህትና ወንድምም ይካተታሉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ ክሱን የሚያቀርበው ቤተሰቡ ራሱ ሳይሆን የሟቹ ሕጋዊ ወኪል ነው። ስለዚህ የጋብቻ፣ የልደትና የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ወረቀት፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት አስቀድማችሁ አውጡ። ስም ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ወዲያው አስተካክሉት። የእኛ አንድ "ወ" ሁለት ወር በልታለች።

ወንድሜ ከአደጋው በኋላ 11 ቀን ኖሯል። በብዙ ሕግ ይህ ለብቻው ይታያል። የእነዚያ ቀናት ሕክምናና የቀረበት ገቢ፣ አንዳንድ ቦታ ሕመሙም ጭምር፣ የራሱ የሟቹ ጥያቄ ሆኖ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። ቤተሰቡ የቀረበት ድጋፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ፣ አንዱንም አትርሱ።

አሁን ወደ አስቀያሚው ሂሳብ። ሰው በገንዘብ አይለካም፣ አውቃለሁ። ግን እናንተ ካላሰላችሁት ሌላው ያሰላላችኋል፣ ለራሱ እንዲመች አድርጎ። አካሄዱ ይህን ይመስላል፦ ሟቹ ከሚያገኘው ላይ ለራሱ ያወጣ የነበረው ይቀነሳል፤ የቀረው ቤተሰቡ ያጣው ነው። እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው መነሻ፣ ባልና ሚስት ብቻ ከሆኑ 33 በመቶ፣ ልጅ ካለ 25 በመቶ መቀነስ ነው። ያ የዓመት ድጋፍ በቀሩት የሥራ ዘመናት ይባዛል። ገንዘቡ ግን ዛሬ በአንድ ጊዜ ስለሚሰጥና ወለድ ሊያስገኝ ስለሚችል ማባዣው ከዓመታቱ ብዛት ያነሰ ይሆናል። "20 ዓመት ቀርቶት ነበር፣ ለምን በ20 አልተባዛም?" ብዬ የተጨቃጨቅኩት ይህን ሳላውቅ ነው።

ደመወዝ ብቻም አይደለም። ወንድሜ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርስ ነበር፣ እናታችንን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ይወስድ ነበር። ስንት ሰዓት? አሁን ማን ይሠራዋል? በስንት? የአንድ ሳምንቱን በሰዓት ከፋፍለን ጻፍነው። ሰው ቀጥረን ስናሠራ ደረሰኝ ያዝን። ብዙ ፍርድ ቤቶች ይህን ይቆጥራሉ፤ ካልነገራችኋቸው ግን ከየት ያውቁታል?

"መጀመሪያ የሹፌሩ የወንጀል ክስ ይጠናቀቅ" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ተጠንቀቁት። ወንጀል ማስረዳት ከካሳ ጥያቄ የከበደ ነው። የቀድሞ ሚስቱንና ጓደኛዋን ገድሏል ተብሎ የተከሰሰው አሜሪካዊው ስፖርተኛ ኦ.ጄ. ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1995 በወንጀል ችሎት ነፃ ተባለ። በ1997 ግን በፍትሐ ብሔር ለእነዚያው ሰዎች ሞት ተጠያቂ ተብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት።

ስትጠብቁ ደግሞ ይርጋው፣ ማለትም ሕጉ ክስ ለማቅረብ የሰጠው ጊዜ፣ ይሮጣል። በእንግሊዝ በመደበኛው 3 ዓመት፣ ከአሜሪካ ግዛቶች በካሊፎርኒያ 2 ዓመት፣ በቴነሲ 1 ዓመት ብቻ። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለደረሰ ሞት የሞንትሪያል ስምምነት 2 ዓመት ይሰጣል። ተጠያቂው የመንግሥት አካል ከሆነ ከዚህም ሊያጥር ይችላል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ6 ወር ውስጥ ማመልከቻ ማስገባት ግዴታ ነው። "እየተነጋገርን ነው" የሚል የኢንሹራንስ ኢሜይል ብቻውን ይርጋውን ያቆማል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የመጨረሻውን ቀን ጠበቃችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ። እኔ ደብተሩ ሽፋን ላይ በቀይ ጽፌው ነበር።

ጠበቃው በመቶኛ የሚሠራ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቁት፦ መቶኛው የሚታሰበው ወጪ ሳይቀነስ ነው ወይስ ተቀንሶ? ካሳው 100፣ ወጪው 10፣ ድርሻው ሲሶ ቢሆን፣ በአንደኛው 33.3 በሌላው 30 ይወስዳል። ውሉ ላይ ይጻፍ።

የመጨረሻው ያልጠበቅነው ነበር። ገንዘቡ ሲመጣ እናታችንና ሚስቱ በክፍፍሉ አልተስማሙም። ሁለቱም ክፉ ሆነው አይደለም። አንድ ጠበቃ ሁለቱንም መወከል ስላልቻለ ሌላ ተቀጠረ፣ አራት ወር ፈጀ። ከመክሰሳችሁ በፊት ስለ ድርሻው ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፣ ጻፉት። የልጁ ድርሻ ግን ለድርድር አልቀረበም፤ ፍርድ ቤቱ አጽድቆ በስሙ ዝግ ሂሳብ ከፈተለት። ደብተሩን ከባንክ ወረቀቱ ጋር አስቀምጬለታለሁ።