ከፊት ጎማ ጀርባ ዘይት የሚያንጠባጥብ የድሮ ላንድ ክሩዘር፦ የናክል ጥገና በቤት

የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር፣ ፒክአፕም ይሁን ሃርድቶፕ፣ ከፊት ጎማው ጀርባ ያለው ክብ የአክስል ኳስ (ናክሉ፣ ማለትም ጎማውን ይዞ ከመሪው ጋር የሚዞረው አካል፣ የሚዞርበት) በጥቁር ቅባት ከተለወሰ፣ ጠርጎ ግሪስ መጨመር ብር ማባከን ነው። ኳሱ ውስጥ መኖር ያለበት ወፍራም ግሪስ ብቻ ነው። የሚወጣው እንደ ሾርባ የቀጠነ ከሆነ የዲፈረንሻሉ ዘይት የውስጠኛውን ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደውን ቀለበት) አልፎ ገብቷል። ችላ ከተባለ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የሚዞር አካል) ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን ያበላሻል።

ከመፍታትዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ። አንደኛው አክስሉ ላይ ያለው ትንሽ የአየር መተንፈሻ ነው። ጭቃ ከደፈነው፣ ዘይቱ ሲሞቅ የሚስፋፋው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋል። አዲስ ሲል ቢገባም ያው ነው። ሁለተኛው የኪንግ ፒን (ናክሉ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት የላይና የታች ምሰሶ) ኩሽኔታ ነው። ጎማውን በክሪክ አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙ፤ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ውዝዋዜው ከጠፋ የሞዞው ኩሽኔታ ላልቷል፤ ካልጠፋ የኪንግ ፒኑ አልቋል።

ለሁለቱም ወገን የናክል ኪት (ውስጠኛው ሲል በውስጡ መኖሩን አይተው)፣ የሞዞ ሲል፣ 4 የኪንግ ፒን ኩሽኔታ፣ ከ1 ኪሎ በላይ የሞሊብዲነም ግሪስ፣ ለሞዞው ተራ የኩሽኔታ ግሪስ፣ ለዲፈረንሻሉ 3 ሊትር 80 ደብሊው 90 ጂኤል 5 ዘይት ይግዙ። ሱማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ አሮጌውን ሲል ይዘው ይሂዱ፤ መጠኑ በሞዴሉ ይለያያል። 54 ሚሊ ሜትር ቁልፍና ባለ ስፕሪንግ የእጅ ሚዛንም ያስፈልጋል። የሞዞውን ዳዶ በመሮና በመዶሻ መፍታት የተለመደ ነው፤ ግን ዳዶውን ይበላዋል፣ ሲያጠብቁም መጠኑን አያውቁትም።

የኋላ ጎማዎችን አግደው አክስሉን በካቫሌቶ (በብረት ማቆሚያ) ላይ ያሳርፉ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የዲፈረንሻሉን መሙያ ብሎን ከማፍሰሻው በፊት ይፍቱ። መሙያው አልፈታ ካለ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መኪናው ቆሞ ይቀራል። የፍሬን ካሊፐሩን በሽቦ ያንጠልጥሉት እንጂ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል። የፍሪ ዊሉ (ጎማውን ከአክስል ዘንጉ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) እና የመሪ ክንዱ ሾጣጣ ሮንዴላዎች በቁልፍ አይወጡም፤ ዳዶውን እስከ ጥርሱ ጫፍ አላልተው በናስ ዘንግ ጎን ለጎን ሲመቱ ዘለው ይወጣሉ። የአክስል ዘንጉ ሲወጣ የሲቪ ጆይንቱ (የዘንጉ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ ይዙር።

ከኪንግ ፒኑ ሥር የሚወጡትን ስስ የብረት ወረቀቶች የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ብለው ለይተው ያስሩ። ከተደባለቁ ናክሉ ከመሃሉ ይወጣል።

ሁሉንም በናፍጣ አጥበው የኪንግ ፒን ኩሽኔታውን ቀለበት በብርሃን ይዩ። ሮለሮቹ ከጠባብ ዙር በላይ ስለማይዞሩ አንድ ቦታ ይደበድቡታል፤ በተርታ የተደረደሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ከታዩ ኩሽኔታውና ቀለበቱ አብረው ይቀየሩ። መሪው መሃል ላይ የሚነክሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የዘንጉን የሲል መቀመጫም በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ሲል አይዘጋም።

ውስጠኛውን ሲል እኩል በሚገፋ ቧንቧ አስገብተው ከንፈሩን ግሪስ ይቀቡ። የናክሉን ጀርባ የሚዘጉትን ጨርቅ፣ ጎማና ብረት ቀለበቶች ናክሉ ከመገጠሙ በፊት አክስሉ ላይ ያስገቡ፤ በኋላ መግቢያ የላቸውም። ናክሉን ካጠበቁ በኋላ ግን ጨርቁን ሳይጭኑ፣ የመሪ ዘንጉ በሚገባበት ቀዳዳ ሚዛኑን ሰክተው ይጎትቱ፦ መዞር ሲጀምር ከ3 እስከ 6 ኪሎ ማሳየት አለበት። ከበዛ ስስ ወረቀት ይጨምሩ፣ ካነሰ ይቀንሱ። (ቁጥሮቹ በሞዴሉ ዓመት ስለሚለያዩ ማኑዋሉን ያስቀድሙ።) ዘንጉ ሲመለስ በሁለት እጅ ይደገፍ፤ ጥርሱ ሲሉን ከቧጨረው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ጆይንቱን በሞሊብዲነም ግሪስ ጠቅጥቀው ኳሱን እስከ ሦስት አራተኛው ይሙሉ።

የሞዞውን ውስጠኛ ዳዶ ሞዞውን እያዞሩ በ59 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ ያላሉት፣ ከዚያ በ5.4 ብቻ መልሰው ይያዙት። መቆለፊያው ዳዶ 64 ይበቃዋል፤ የሮንዴላውን ጥርስ ማጠፍ እንዳይረሳ።

እግረ መንገድዎን የመተንፈሻውን ቆብ አውጥተው በ8 ሚሊ ሜትር ዘይት የሚችል ቱቦ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርገው ያሰሩት። የሞቀ አክስል ወንዝ ሲገባ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቱቦው ከውሃው በላይ ካለ የሚስበው አየር ነው። ዘይቱን ከመሙያው ጠርዝ እስኪፈስ ይሙሉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የመሪ ክንዱን ዳዶዎች በ96 ኒውተን ሜትር ይፈትሹ፤ የሚላሉት እነዚህ ናቸው፣ ሲላሉም ችካሉን (ዳዶው የሚታሰርበትን ብሎን) ይቆርጡታል።