«1006» ሲላችሁ ኮዱን አትንኩ፦ የሎካል ዌብሶኬት ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ዌብሶኬትን (ብራውዘርና ሰርቨር ሳይዘጉ በሁለቱም አቅጣጫ የሚነጋገሩበትን መስመር) ከነምስጠራው በራሱ ማሽን የሚሞክር ልጅ የሚቆመው አንድ ቦታ ነው። ሰርቨሩ ፖርት 8443 ላይ ተነስቷል፤ ብራውዘሩ ግን «1006» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ጤነኛውን ኮድ ማፍረስ ይጀመራል። ተዉ እንጂ! 1006 ግንኙነቱ ሳይሰናበት ተቋረጠ ማለት ብቻ ነው። ገጾች የውስጥ ኔትወርክ እንዳይሰልሉ ሲባል ጃቫስክሪፕቱ ምክንያቱን አይነገረውም፤ ኤፍ12 ተጭናችሁ ኮንሶሉን እዩ፣ ሰርተፊኬቱን (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን ፋይል) አላምንም የሚል ታገኛላችሁ። ተራ ገጽ ቢሆን ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ያሳልፋችሁ ነበር፤ ደብሊውኤስኤስ (የተመሰጠረው ዌብሶኬት) ላይ ግን ጥያቄ የለም፣ በር መዝጋት ነው። በዚያው ብራውዘር ሎካልሆስት (የራሳችሁ ማሽን) ፖርት 8443ን በኤችቲቲፒኤስ ክፈቱና ማስጠንቀቂያውን እለፉ። ከዚያ 426 (ወደ ዌብሶኬት ቀይር የሚል መልስ) ቢመጣ ወይም ገጹ ተንጠልጥሎ ቢቀር አብሽሩ፣ የተፈለገው ማለፉ ነው። ከዚህ የሚሻለው ኤምኬሰርት ነው፣ ማሽናችሁ የሚያምነው የሙከራ ሰርተፊኬት የሚያወጣ መሣሪያ፤ ሊኑክስ ላይ ሰርትዩቲል (ሰርተፊኬትን ብራውዘሮቹ የሚያምኑት ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው መሣሪያ) ቀድሞ ካልተጫነ ፋየርፎክስም ክሮምም አያምኑትም።

ለሎካልሆስት በወጣ ሰርተፊኬት በ127.0.0.1 (ያው የራስ ማሽን በቁጥር) አትግቡ፤ ለብራውዘሩ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስሙን ኮመን ኔም (የሰርተፊኬቱ የድሮ የስም ቦታ) ላይ ብቻ መጻፍም ዋጋ የለውም። ክሮም ከስሪት 58፣ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ አያየውም፤ ኦልተርኔቲቭ ኔም (ስሞችና አይፒዎች የሚዘረዘሩበት ቦታ) ውስጥ ይግባ።

በስልክ ስትሞክሩ ሎካልሆስት ማለት ስልኩ ራሱ ነው። የኮምፒውተሩን አይፒ ሰርተፊኬቱ ውስጥ አስገቡ፣ ሰርቨሩን 0.0.0.0 ላይ (ከሌላ መሣሪያም እንዲደረስበት) አስነሱ።

የሰዓት ጣጣ ደግሞ የኛ ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተ ዴስክቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ድሮ ቀን ይመለሳል። ቀኑን የሚያስተካክለውም ዓመቱን በኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ይሞላዋል፤ በሌላ ማሽን በፈረንጅ 2025 የወጣው ሰርተፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ 6:00 ኤኤም ብሎ የሚሞላም አለ። ያ ኮምፒውተር ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ጓደኛው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያወጣለት ሰርተፊኬት ለእሱ ገና አልተወለደም። ሲአር2032 ባትሪ ቀይሩ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይውሰድ።

ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው) ላይ ለሙከራ «ሪጀክት አንኦተራይዝድ»ን ፎልስ አድርጋችሁ የሰርተፊኬት ፍተሻን ያጠፋችሁበትን መስመር እንዳለ ወደ ደንበኛ አትላኩ። የኤምኬሰርትን የሩት ቁልፍም (ሰርተፊኬቶቹ የሚፈረሙበትን) ለማንም አትስጡ፤ የያዘው ሰው በናንተ ማሽን ላይ የፈለገውን ድረ ገጽ መስሎ መቅረብ ይችላል።