የቫሽቲ በንያንን አልበም ሲሰሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ሳህን እያጠብኩ ነው። ሳህኑ አለቀ፣ አልበሙም አለቀ፤ አንድም ዜማ ጆሮዬ ላይ አልቀረም። «ደስ ይላል፣ ለልጆች ይሆናል» ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች የሌላ ሰው አድርጌ አላወራም፤ አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

እንግሊዛዊቷ ቫሽቲ በንያን «ጀስት አናዘር ዳይመንድ ደይ» የተባለውን አልበም የቀረጸችው በ1969 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለንደን ውስጥ ነው። ርእሱ «ያው እንደ ትናንቱ፣ አልማዝ የመሰለ ቀን» እንደ ማለት ነው። 14 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው ግማሽ ሰዓት አይሞሉም። ሸክላ አሳታሚው ፊሊፕስ በ1970 መጨረሻ ሲያሳትመው ሸክላው ገዢ አጣ። እርሷም ሙዚቃውን እርግፍ አድርጋ ትታ ልጆቿን ወደ ማሳደግ ገባች።

የመጀመሪያው ስህተት ልስላሴን ከአቅም ማነስ መቁጠር ነው። ድምፅዋ ከሹክሹክታ ብዙም አይርቅም፤ አይንቀጠቀጥም፣ አይጮህም፣ የስንኙ መጨረሻ ላይ ደርሶ እንኳ አይጫንም። ግን ይህች ሴት ትልቅ ድምፅ ምን እንደሚመስል የማታውቅ አልነበረችም። በ1965 የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኗን ያወጣችው በሮክ ባንዱ በሮሊንግ ስቶንስ ሥራ አስኪያጅ በአንድሩ ሉግ ኦልድሃም በኩል ሲሆን፣ የዘፈኑ ደራሲዎችም የባንዱ አባላት ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ነበሩ። የከተማውን ግርግር ቀምሳ የተመለሰች ናት። ዝግታው ምርጫዋ መሆኑን ከተቀበሉ በኋላ አሰማምዎ ይለወጣል፦ የማጫወቻውን ድምፅ ከመጨመር ይልቅ እርስዎ ቀረብ ይላሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄደውና ይበልጥ የሚያናድደኝ ስህተት «የልጆች መዝሙር ነው» የሚለው ነው። ሰበብ አይጠፋለትም፤ አንዱ ዘፈን እንዲያውም የተቀመጠው ማንኛውም ሕፃን በሚያውቀው የ«ትዊንክል ትዊንክል» ዜማ ላይ ነው። ነገር ግን የመክፈቻውን ዘፈን ግጥም ልብ ብለው ይስሙት። የሚታረስ ማሳ አለ፣ የሚዘራ ዘር አለ፣ ከዚያ ልጆች ይበላሉ። ነገም እንዲሁ። ርእሱ ውስጥ ያለችው «ያው» የምትል ቃል ዋናውን ሥራ የምትሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑ አልማዝ ነው፣ ግን ከሌላው ቀን የተለየ አይደለም። ይህ፣ ሥራ ያደከመው ሰው ራሱን የሚያባብልበት ቃል ነው እንጂ ተረት አይደለም። ቤስ የተባለችውን ፈረስ የሚያነሣው ዘፈንም እንደዚያው ነው። ምቱ የእርምጃ ምት ነው፤ ዜማው ደጋግሞ የሚመላለሰው መንገዱ ስላላለቀ ነው። ደራሲዋ ሌላ ዜማ አጥታ አይመስለኝም።

መንገድ ካልሁ አይቀር፣ ታሪኩ ሙዚቃውን እንዳይበላው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ1968 ቫሽቲና ጓደኛዋ በፈረስ ጋሪ ከለንደን ተነሥተው ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች አቀኑ። ዘፋኙ ዶኖቫን በስካይ ደሴት አካባቢ መሬት ገዝቶ ስለነበር እዚያ የአርቲስቶች መንደር ይቋቋማል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ጉዞው ከዓመት በላይ ፈጀ፤ የጠበቁት መንደርም አልጠበቃቸውም። ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ የተጻፉት በዚሁ ጉዞ ነው። ድንቅ ታሪክ ነው፤ አልክድም። ሆኖም ስለዚህ አልበም የሚያወራልኝ ሰው ሁሉ ስለ ጋሪው ሲተርክልኝ፣ ስለ አንድ ዜማ እንኳ ሳያነሣ እንለያያለን። ታሪኩን ሳያውቁ ሁለት ጊዜ ቢሰሙት እመርጥ ነበር፤ አሁን ግን እኔው ነገርኳችሁና ምክሩ ከሸፈ።

ሰምና ወርቅ ፍለጋም አያዋጣም። እኛ ግጥም ስናይ ኅብረ ቃሉን ማደን ይቀናናል። እዚህ ግን ነፋሱ ነፋስ ነው፣ ዝናቡም ልብስ የሚያበሰብስ ዝናብ ነው። የኅዳር ወሯን ዘፈን ሲሰሙ ብርዱ የምን ምሳሌ እንደሆነ አይጠይቁ፤ ይብረድዎት።

ሌላው ስህተት ምስጋናውን በዙሪያዋ ለነበሩ ወንዶች ማከፋፈል ነው። ፕሮዲዩሰሩ ጆ ቦይድ ነው። ከሁለት የፎክ (የባህላዊ ዜማ) ባንዶች፣ ከኢንክሬደብል ስትሪንግ ባንድ ሮቢን ዊልያምሰን፣ ከፌርፖርት ኮንቬንሽን ዴቭ ስዋርብሪክና ሳይመን ኒኮል አጅበዋታል። ለዘፋኙ ኒክ ድሬክ ያቀናበረው ሮበርት ከርቢም አለበት፤ የእርሱ ቅንብር ግን ያለው በሦስት ዘፈኖች ላይ ብቻ ነው። እነዚህን ስሞች የሚወዱ ሰዎች አልበሙን እንደ እነርሱ ሥራ ተቀጥላ ያዩታል። ማንዶሊኑንና ባንጆውን በሐሳብዎ ያንሡና ይስሙት፤ ዘፈኑ በጊታሯና በድምፅዋ ብቻ ይቆማል። በተቃራኒው እርሷን ቢያነሡ የሚቀር ነገር የለም።

እነዚያ አጃቢዎች ያመጡት አንድ መዘዝ አለ፤ አልበሙ «ፎክ» ተብሎ ቀረ። እርሷ ራሷ ይህን ስያሜ ስትቃወም ኖራለች፤ ፍላጎቷ የፖፕ ዘፋኝ መሆን ነበር። የጥንት የገጠር ዜማ ጠብቀው የመጡ ሰዎች «ይህማ የተወረሰ አይደለም» ብለው ያጣጥሉታል። አዎ፣ የተወረሰ አይደለም። አጫጭርና በአንድ መስማት የሚያዙ የፖፕ ዜማዎች ናቸው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የገጠር ልብስ ለበሱ እንጂ።

ስለ ዋጋው አጭር ነገር ልበል። የመጀመሪያው ሸክላ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ውድ ነው። ይህ የሚነግረን በጊዜው ጥቂት መሸጡን ብቻ ነው። አልበሙ በ2000 እንደገና ስለታተመ ማንም በቀላሉ ያገኘዋል።

በመጨረሻ፣ ከኋለኛው ሥራዋ አይጀምሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስሟን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ሰዎች የቀድሞ አልበሟን እያፈላለጉ መሆኑን አወቀች፤ ሁለተኛው አልበሟ «ሉክአፍተሪንግ» በ2005፣ ከ35 ዓመት በኋላ ወጣ። ቅንብሩ የጠራ፣ ለዛሬ ጆሮ የሚቀል ነው፤ ብዙዎችም ከእርሱ ጀምረው የ1970ውን እንደ ሙከራ ያዩታል። እኔ በቅደም ተከተል ሰማኋቸው። ሁለተኛው ሲከፈት ያው ድምፅ፣ ያው ዝግታ ሲመጣ ደንግጬ የአልበሙን ዓመተ ምሕረት ደግሜ አየሁ።